ገና ነው

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ፉጀይራ መንደር፣
ጋራዡ ጥግ ቆሟል፤ መሬቱ ጠጠር።
በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ፣
ስሙን የሚነግረኝ ባጣ፣ «አመዶ» አልሁት በልቤ።

የመጣሁት በሰኔ ነው።
ፀሐዩ መኪና ጣራ ላይ ሽሮ ያበስላል፤
ይሄ ምስኪን ደግሞ እዚያ ቆሞ ይውላል።
ማን ነው የሚያዝንለት?
ጧት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ፣ ከንጹሑ ቀድቼ፣
አጠጣሁት እንደ ጥጃ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሥሩን ዳብሼ፣ አሽቼ።

በአራተኛው ሳምንት ቢጫ መታው።
አይረግፍም ያሉት ከታች ጀምሮ ረገፈ፤ ምን በላው?

ኡም ሰይፍ፣ የቤቱ ትልቅ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣
የባልዲዬን እጀታ ጩኸት ከበረንዳ ሆነው ሰምተው
ሳቁ። መቁጠሪያቸው ቆመ።
«ስምሽ ውሃ ቢሆንም፣ ዘምዘም፣
ያገኘሽውን ሁሉ ማስመጥ የለብሽም።»

ሞክሌስን አስጠሩልኝ፤ ቤንጋሊው አትክልተኛ፣ በወር አንዴ ብስክሌት እየገፋ የሚመጣ፣
ዐረብኛው እንደኔው ከመንገድ የተለቃቀመ።
ጠጠሩን ገፋ አድርጎ ጣቱን ሰደደ፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ፦
«እዚህ ድረስ ከደረቀ ስጪው፣ ጠግቦ ይጠጣ፤
ከረጠበ ግን ‹ገና ነው› በይ፤ ባልዲሽ አይምጣ።»
መቀሱን አወጣ፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀነጠበ፣
እንደ ሕፃን ጥፍር። «ኳስ አታድርጊው» አለ።
ማዳበሪያ ልግዛለት ወይ ስለው
እንደ ሰደብሁት ቀና ብሎ ታዘበ።

ባልዲውን ሰቀልሁት።
አንድ ሳምንት። ሁለት።
አመዶ ግን ይረግፋል፤
ጣቴ በገባ ቁጥር ጭቃ ይዞ ይወጣል።
ማን ነው የሚያጠጣው? ጎረቤት? ጅን?

አንድ ሌሊት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ፣
ጠብ።
ዝም አልሁ።
ጠብ።
ከሳሎኑ ኤሲ የወረደች ቀጭን ቱቦ፣ አንገቷን ደፍታ፣
ሥሩ ላይ ታነባለች፣ ቀን ከሌት ያለ ፋታ።
ውስጥ እኛ በበረደን ቁጥር
ውጭ እሱ ይሰምጥ ኖሯል።

በላስቲክ ቀጥዬ አዞርሁና ከባልዲው አገናኘሁት፤
ሲነጋ አፉ ድረስ ሞልቶ ሲፈስ አገኘሁት።
ወለሉን ወለወልሁበት፣ መስኮቱን አጠብሁበት፣
የሰይፍን መኪና አቧራ አራገፍሁበት።
በዚያ ወር የውሃው ቢል ቀነሰ ብላ ማዳም ተገረመች።
እኔም አልተናገርሁ፣ እሷም አልጠየቀች።

ነሐሴ ሲጋመስ፣
ከባሕር ወፍራም ጉም መጣ፤ መስታወቱ ሁሉ ላበ፤
ዝናብ የለም፤ ዝናብ ዝናብ የሚል ሽታ ብቻ ተሰበሰበ።
ኡም ሰይፍ ቁርሳቸውን ትተው ጆሯቸውን አቀኑ፤
«ንቦች ናቸው? ከየት መጡ? ደግሞ ዛሬ ምን ሆኑ?»

ወጣሁ።
አመዶ የለም።
በሱ ቦታ ሐምራዊ የለበሰ ሌላ ቆሟል፤
ቅጠል ዓይን እስኪያጣ፣ ከጫፍ እስከ ሥር አብቧል፤
ጠጠር ያበደሩትን ሐር አድርጎ መልሷል።

እጃቸውን ይዤ አደረስኋቸው።
በጣታቸው ሳይሆን በጉንጫቸው ነኩት።
«ቀለሙስ?» አሉኝ።
ዐረብኛው ጠፋኝ። ሐምራዊን ምን ይሉታል?
«ደብርጃን» አልሁ፤ «ቆዳው፤ ጧት ታጥቦ ሳይደርቅ።»
ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።
«ገባኝ» አሉ። «ገባኝ።»

አራት ቀን ቆየ፣ አራት ብቻ።
ሞክሌስ ሲደርስ የቀረው ጠጠሩ ላይ የጠወለገው ነው።
እንዴት እንደነበር ነገርሁት፤ እጄም አፌም ተንቀሳቀሰ።
አንዲት የደረቀች አበባ አንሥቶ ኪሱ ከተተና
ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጣቴን ሰደድሁ።
አንደኛው አንጓ፣ አሸዋ። ደረቅ።
ሁለተኛው ጋ ስደርስ፣ ከጥፍሬ ሥር፣
ቀዝቀዝ አለኝ።

ገና ነው።